ጧሪ የሚሆን ጡረተኛ፦ በጅማ ረግረጎች የወፍ ጎጆ ስለ መጠበቅ



እንድናገርበት የተጠየቅሁት ርእስ በጡረታ ዘመን የሚሰጥ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ለብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ስላለው ድርሻ ነው። ርእሱ ሰፊ በመሆኑ ወደ አንዲት ጠባብ ነገር ላወርደው ፈቅጃለሁ፤ ወደ አንድ የወፍ ጎጆ። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ ሥራውን የጨረሰ፣ ጉልበቱ የቀነሰ፣ ሥልጣንም ሆነ የምርምር ገንዘብ የሌለው ሰው በረግረግ ዳር ተቀምጦ አንድ ጎጆ ቢጠብቅ ለዚያች ወፍ ዘር ምን ይጠቅማል?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ለእንቁላሎቹ የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው፤ ለረግረጉ የሚሰጠው ጥቅም ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው የበለጠ ነው። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ የጎጆ ጥበቃ ለረጅም ጊዜ ወደ ተፈተነበት ወደ ባሕር ዳርቻ እሄዳለሁ፤ ከዚያም ወደ ጅማና በዙሪያዋ ወዳሉት የቡና ከተሞች እመለሳለሁ።

ከባሕር ኤሊ የተገኘ ትምህርት

በዓለም ላይ ጎጆ በመጠበቅ ከታወቁት በጎ ፈቃደኞች መካከል ቀዳሚዎቹ የባሕር ኤሊ ጠባቂዎች ናቸው። አገራችን ዛሬ የባሕር ዳርቻ የላትም፤ ለእኛ ቅርብ የሆኑት የባሕር ኤሊዎች በቀይ ባሕር፣ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ የሚኖሩት ናቸው። ይሁን እንጂ ከኤሊው የተገኘው ትምህርት ባሕር ለሌለውም አገር ይሠራል።

ሴቷ የባሕር ኤሊ በሌሊት ከውኃ ወጥታ በኋላ እግሮቿ አሸዋውን ትቆፍራለች፤ ብዙውን ጊዜ መቶ ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ ጉድጓዱን ደፍና ወደ ባሕሯ ትመለሳለች። ያንን ጎጆ ዳግመኛ አትጎበኘውም። እንቁላሎቹ ሁለት ወር ገደማ በአሸዋው ሙቀት ብቻ ይፈለፈላሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው ይለቅማቸዋል፣ ውሻ ያወጣቸዋል፣ ማዕበል ይወስዳቸዋል። ከተፈለፈሉም በኋላ ግልገሎቹ የባሕሩን ብርሃን ትተው የመንገድና የሆቴል መብራት ይከተሉና መንገድ ላይ ይቀራሉ። እናትየዋ የለችምና ጠባቂው የእናትን ቦታ ይይዛል ማለት ይቻላል።

አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ አርቺ ካር በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በኮስታ ሪካ ቶርቱጌሮ ዳርቻ ጥናቱን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1959 ሥራውን የሚደግፍ ድርጅት ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ዳርቻው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በፍሎሪዳም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተመረጡ ዳርቻዎች ላይ በአንድ ወጥ ዘዴ የጎጆ ቆጠራ ይካሄዳል። ገና ጎሕ ሲቀድ በአሸዋው ላይ እየተራመዱ የኤሊዋን ዱካ የሚፈልጉት፣ ጎጆውን በእንጨትና በጥብጣብ የሚያጥሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ከመካከላቸው ጡረተኞች ብዙ ናቸው። በፈቃድና በሥልጠና የሚሠሩ እንጂ እንዳሻቸው እንቁላል የሚነኩ አይደሉም።

ከዚህ የረጅም ጊዜ ልምድ ሁለት ትምህርቶችን ልውሰድ። የመጀመሪያው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ቀደም ሲል ብዙዎች እንቁላሎቹን ከአሸዋው እያወጡ በሣጥን ውስጥ ማስፈልፈልን እንደ ታላቅ ውለታ ይቆጥሩት ነበር። በዚያ ዓመት ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ግን የባሕር ኤሊ ጾታ የሚወሰነው በእንቁላሉ ሙቀት መሆኑን አስታውሶ፣ ከአሸዋው ይልቅ ቀዝቃዛ የሆነው ሣጥን ወንዶችን የሚያበዛ መሆኑን አሳየ። ሰዎቹ ቅን ነበሩ፤ ቅንነታቸው ግን ሴቶቹን እየቀነሰ ነበር። ስለዚህ በጎ ፈቃድ ዕውቀት ካልመራው የሚወደውን ነገር ሊጎዳ ይችላል።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1987 ዲቦራ ክራውስ፣ ላሪ ክራውደርና ሃል ካስዌል የባሕር ኤሊን ዕድሜ በየደረጃው ከፋፍለው በሒሳብ አሰሉ። ውጤቱ የጎጆ ጠባቂዎችን የሚያስደነግጥ ነበር፤ እንቁላሎቹ ሁሉ ያለ አንዳች ጉዳት ቢፈለፈሉ እንኳ ለማደግ የቃረቡትና ያደጉት ኤሊዎች በባሕር ላይ መሞታቸው ካልቀነሰ የዘሩ ማሽቆልቆል አይቆምም። በዚያን ጊዜ ብዙ ኤሊዎች ይሞቱ የነበረው በሽሪምፕ አጥማጆች መረብ ተይዘው ነው። ጥናቱም ከመረቡ ላይ ለኤሊው ማምለጫ በር እንዲገጠም ለሚደረገው ክርክር ዋነኛ ማስረጃ ሆነ።

እንግዲህ «ጎጆ መጠበቅ ከንቱ ነው» እንበልን? እንዲህ የሚል ሰው የሒሳቡን ግማሽ ብቻ አንብቧል። መረቡ በር እንዲኖረው የጮኸው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። በየዳርቻው የሞቱ ኤሊዎችን የቆጠሩት፣ የጎጆውን ቁጥር ለዓመታት የመዘገቡት፣ የሰፈራቸውን ሰው ያስተማሩት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ሒሳቡም መረጃ፣ ክርክሩም ተከራካሪ ባጣ ነበር። ጎጆው ሰውየውን በዳርቻው ላይ አቆመው፤ በዳርቻው ላይ የቆመውም ሰው ለባሕሩ ምስክር ሆነ። አሁን ይህን ሐሳብ ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ።

ባለ አክሊሏ ወፍ

በጅማ ዞን ረግረጎች ከሚታዩት አእዋፍ መካከል እንግሊዝኛው ክሬን ከሚላቸው ወገን የሆነች አንዲት ታላቅ ወፍ አለች። የሳይንስ ስሟ ባሌያሪካ ፓቮኒና ነው፤ እኔ በዚህ ንግግር ባለ አክሊሏ ወፍ እላታለሁ። ቁመቷ አንድ ሜትር ያህል ነው፤ ክንፏን ስትዘረጋ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል። ሰውነቷ ጥቁር፣ የክንፏ ላይኛ ክፍል ነጭ፣ ጉንጯ ነጭና ቀይ ነው፤ በራሷ ላይ ወርቃማ አክሊል ደፍታለች። ባለ አክሊሎቹ ከሌሎች የወገኖቻቸው ዝርያዎች የሚለዩበት አንድ ነገርም አለ፤ የኋላ ጣታቸው ረጅም በመሆኑ ቅርንጫፍ ጨብጠው በዛፍ ላይ ማደር ይችላሉ። ስለዚህ ባለ አክሊሏ ወፍ ሁለት ቤት ትፈልጋለች፤ ለጎጆዋ ረግረግ፣ ለማደሪያዋ ትልልቅ ዛፍ።

ጎጆዋን የምትሠራው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ፣ ሣሩና ቄጠማው ጥቅጥቅ ባለበት ቦታ ነው። ቄጠማውን ነቅላና ረግጣ ክብ መደብ ታበጃለች። ከ2 እስከ 5 እንቁላል ትጥላለች፤ ከ28 እስከ 31 ቀን ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ ይታቀፉታል። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ከጎጆው ወጥተው ወላጆቻቸውን ይከተላሉ፤ መብረር የሚችሉት ግን ከ60 እስከ 100 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እስከዚያ ድረስ መሸሸጊያቸው ሣሩ ብቻ ነው።

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህችን ወፍ ለአደጋ ተጋላጭ ከሆኑት ዝርያዎች መድቧታል። ናይጄሪያ ብሔራዊ ወፏ አድርጋታለች፤ ሆኖም በዚያች አገር ዛሬ በዱር ፈልጎ ማግኘቷ እጅግ አስቸጋሪ ሆኗል። ይህ ለእኛ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። በአርማ ላይ የተሣለ አክሊል በሜዳ ላይ ያለውን አክሊል አያድንም።

ከኤሊው ጋር ስናነጻጽራት የጠባቂው ሥራ እንደሚገለበጥ ልብ በሉ። ኤሊዋ ጎጆዋን ትታ ትሄዳለች፤ ስለዚህ ሰው ወደ ጎጆው ይቀርባል። ባለ አክሊሏ ወፍ ግን አትሄድም፤ ወንዱም ሴቷም በዚያው አሉ። የሚያስፈልጋቸው ሰላም ብቻ ነው። ሰው ሲቀርብ ወፊቱ ትነሣለች፤ ስትነሣ እንቁላሉ ለብርድ፣ ለፀሐይና ለቁራ ይጋለጣል። በቄጠማው ውስጥ የሄደ ሰው የረገጠው ሣርም ለሚቀጥለው ሰውና ለውሻ መንገድ ይሆናል። ስለዚህ የእኛ አገር ጎጆ ጠባቂ የመጀመሪያ ግዴታው ወደ ጎጆው አለመሄድ ነው።

ቡናው፣ ቄጠማውና ጎጆው

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ፣ በሰቃ ጨቆርሳ ማንኛውም ቤት ቡና ሲፈላ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ለዘመን መለወጫ፣ ለመስቀል፣ ለፋሲካ፣ ለሠርግ ቄጠማ ይሸጣል። ያ ቄጠማ የሚታጨደው ከረግረግ ነው። ባለ አክሊሏ ወፍ ከምትጎዘጉዘው ሣር አጠገብ ያለውን ሣር እኛም ለጀበናችን እንጎዘጉዘዋለን። ዝናቡ እያበቃ፣ ረግረጉ ውኃ ይዞ፣ ቄጠማው አድጎ ባለበት ወቅት የእርሷ የመራቢያ ጊዜና የእኛ የበዓል ገበያ ይገናኛሉ። ቄጠማ አጭዳ የምትሸጠው ሴት ደግሞ በአብዛኛው ሌላ ገቢ የሌላት ናት። እርሷን ጠላት አድርጎ የሚነሣ የጥበቃ ሐሳብ ከመነሻው ፍትሕ የጎደለው ነው፤ ሊሳካም አይችልም።

ሌሎቹ ጫናዎች ከዚህ ይከብዳሉ። ከጅማ ከተማ አጠገብ ያለውን የቦዬን ረግረግ የሚያውቅ ሰው ሁሉንም በአንድ ቦታ ሊያያቸው ይችላል፤ ጠርዙ ይታረሳል፣ ከብት ይሰማራበታል፣ ለሸክላ ጡብ ጭቃው ይቆፈራል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል፣ የከተማው ቆሻሻም ይደርሰዋል። በዞኑ ወረዳዎችም በቡና ለቀማ ወራት፣ ዝናቡ ቆሞ ወንዙ ሲያንስ፣ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ፍሳሽ ይጨመራል። በፍሳሹ ውስጥ ያለው የቡና ገለባና ስኳር ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ በውኃው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ይሞታሉ፤ እነርሱን የሚበላውም ይራባል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የረግረጎቹን ውኃና ነፍሳት ሲያጠኑ የቆዩ በመሆናቸው ይህን ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

ረግረጉ የወፍ ቤት ብቻ አለመሆኑንም ላስታውስ። ከደጋው የሚወርደውን ደለል ያጠራል፤ የክረምቱን ውኃ ይዞ በበጋው ቀስ እያለ ይለቅቃል። ከእነዚህ ኮረብታዎች የሚወርደው ውኃ ወደ ጊልገል ጊቤ ይሄዳል፤ በዚያም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ 184 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ አለ። ረግረግ ያላጣራውን ደለል ግድብ ይቀበለዋል። በኦሮምኛ ጨፌ የሚለው ቃል ይህንኑ ለምለም መስክ ይጠራል፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበትም ጨፌ ስለነበር የክልሉ ምክር ቤት ስሙን ወርሷል። ምክሩና ሣሩ በአንድ ስም የሚጠሩበት አገር ላይ ነን።

ጠባቂው ምን ይሠራል?

እኔ የሥነ ሕይወት መምህር ሆኜ ኖሬ በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከጥቂት ጡረተኛ ጎረቤቶቼ ጋር የምንጠብቀው አንድ ረግረግ አለ። የቦታውን ስም አልጠራም፤ የጎጆ ቦታ በአደባባይ አይነገርም፤ ይህም ከሙያው ሕጎች አንዱ ነው። ጫጩት አስይዞ የሚሸጥ ሰው ባለበት ዓለም የማያስፈልግ ዝርዝር ወጥመድ ይሆናል።

ሥራው ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ማየት ነው። ከሩቅ፣ ከከፍታ ላይ፣ በባይኖኩላር እናያለን። ወፎቹ ቀና ብለው አንገታቸውን ካሰገጉ ቀርበናል ማለት ነውና ወደ ኋላ እንመለሳለን። ሁለተኛው መጻፍ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዝናቡን፣ ስንት ወፍ እንደታየ፣ ስንት ከብት እንደገባ፣ ማን ምን እንዳጨደ፣ ውኃው በተተከለው እንጨት ላይ የት እንደደረሰ በደብተር እንጽፋለን። ምንም ያልታየበትንም ቀን እንጽፋለን፤ ባዶ ቀን ካልተጻፈ የሞላው ቀን ትርጉም የለውም።

ሦስተኛውና ዋነኛው መነጋገር ነው። ከእረኞች፣ ከአጫጆች፣ ከጡብ ሠሪዎች ጋር እንነጋገራለን። በዚህ ረገድ የወፊቱ የመታቀፊያ ጊዜ ታላቅ ስጦታ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። «ይህን ረግረግ ለዘለዓለም አትንኩ» ብሎ ለችግረኛ መናገር ስድብ ነው። «ይህችን ጥግ ለአንድ ወር ተዉልኝ፤ በዚያኛው በኩል እጨዱ» ማለት ግን የጉርብትና ልመና ነው፤ ሰው ለጎረቤቱ የሚያደርገው ነገር ነው። ወሩ ሲያልቅ «ጫጩቶቹ ገና አይበሩም፤ ውሾቻችሁን ያዙልን» እንላለን። ልመናው አጭር፣ ምክንያቱም የሚታይ ስለሆነ ይሰማል። ሁልጊዜ ይሰማል አልልም፤ ከሚከለክል ሰሌዳ ይልቅ ግን ይሰማል። እረኞቹም ውለው አድረው ራሳቸው ይቆጣጠሩታል፤ «ቲቸር፣ ዛሬ ሁለቱም አሉ» ብሎ የሚነግረኝ ልጅ ከእኔ በፊት እዚያ ደርሷል ማለት ነው።

ይህ አሠራር ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በጎረቤታችን በኢሉባቦር ረግረግን በጋራ የሚያርሱ ገበሬዎች አባ ላጋ የሚሉት አስተባባሪ አላቸው። ቦዩ መቼ ይከፈት፣ መቼ ይዘጋ፣ ከብት መቼ ይከልከል የሚለውን የሚያስፈጽመው እርሱ ነው። ረግረጉ የጋራ ከሆነ የጋራ ተቆጣጣሪ ያስፈልገዋል የሚለው ዕውቀት እዚሁ አለ፤ ጎጆ ጠባቂው ከዚህ ዕውቀት ጋር መጋጨት የለበትም፤ በጥላው ሥር መሥራት አለበት።

ለምን ጡረተኛ?

ጡረታ የሚለው ቃል የወጣው ጦረ ከሚለው ግሥ ነው። ጡረተኛ ማለት የሚጦር፣ ሌሎች የሚደግፉት ሰው ነው። እኔ ዛሬ የምለው ጡረተኛ ጧሪም ሊሆን ይችላል ነው። ለዚህም ሦስት ነገሮች አሉት።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው፤ ይኸውም ተከታታይ ጊዜ። የምርምር ፕሮጀክት ገንዘቡ ሲያልቅ ያልቃል፤ ተማሪ ሲመረቅ ይሄዳል፤ የመንግሥት ባለሙያ ይዛወራል። ጡረተኛው በዚያው ሰፈር ይኖራል። ረጅም ዕድሜ የምትኖር፣ በዝግታ የምትራባ ወፍን ሁኔታ ለማወቅ የአንድ ዓመት ቆጠራ እምብዛም አይነግረንም፤ በተመሳሳይ መንገድ የተሰበሰበ የአሥር ዓመት ደብተር ግን ይነግረናል።

ሁለተኛው ቦታው ነው፤ በማኅበረሰቡ ውስጥ ያለው ቦታ ማለቴ ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር የቀድሞ ተማሪው ሊሆን ይችላል፤ ጡብ ሠሪው ጋር በአንድ እድር ይቀመጣል፤ የአጫጇን አባት ቀብሯል። የዱር እንስሳት አዋጅ አለ፤ አዋጅ ግን በየረግረጉ ዳር አይቆምም። በአዋጁና በማጭዱ መካከል የሚቆም፣ ሁለቱም ወገን የሚያከብሩት ሰው ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ትዝታ ነው፤ ለዚህ ጉባኤ ከሁሉ በላይ የማሳስበውም ይህንን ነው። የዓሣ ሀብት ተመራማሪው ዳንኤል ፖሊ እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ አደገኛ ነገር አስተዋለ። እያንዳንዱ የተመራማሪ ትውልድ ሥራ ሲጀምር ያገኘውን ሁኔታ እንደ መነሻ ይወስዳል፤ ጉዳቱንም ከዚያ ጀምሮ ይለካል። ቀጣዩ ትውልድ ደግሞ ከተጎዳው ይነሣል። እንዲህ እያለ መለኪያው ራሱ ይንሸራተታል፤ ጥፋቱም አይታይም። አባቶቻችን «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት ይህንኑ ነው። ዛሬ ሃያ ዓመት የሆነው ተማሪ ረግረጉን ሲያይ ሙሉ መስሎ ይታየዋል፤ ውኃው ከዚህ በፊት እስከ የትኛው ዛፍ ይደርስ እንደነበር አላየምና። የሐረማያን ሐይቅ ሙሉ ሆኖ ያየ ሰው ደርቆ ሲያየው ደነገጠ፤ ከደረቀ በኋላ የተወለደ ልጅ ግን እንደ ሜዳ ኳስ ተጫውቶበታል። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ የነገረው ሰው ያስፈልገው ነበር እንጂ።

እርግጥ ነው፣ ትዝታ ያጋንናል፤ የልጅነት ወንዝ ሁልጊዜ ሰፊ ነው። ስለዚህ የሽማግሌ ትዝታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከድሮ የአየር ፎቶግራፍ፣ ከሳተላይት ምስል፣ ከሌሎች ሽማግሌዎች ቃል ጋር መነጻጸር አለበት። ሆኖም ተመራማሪው ምን መፈለግ እንዳለበት የሚጠቁመው ያ ትዝታ ነው፤ ሽማግሌው ሲሞት ጥቆማው አብሮት ይቀበራል።

ወሰኑና ልመናዬ

ስለ ወሰኑ ግልጽ ልሁን። የ1987ቱ ሒሳብ ለእኛም ይሠራል። ባለ አክሊሏ ወፍም እንደ ኤሊዋ ብዙ ዘመን የምትኖር ናት፤ ያደጉት ወፎች ከተያዙ፣ ረግረጉ ከደረቀ፣ የማደሪያው ዛፍ ከተቆረጠ የተፈለፈሉት ጫጩቶች የሚሄዱበት የለም። አንድ ጡረተኛ የፋብሪካ ፍሳሽ አያቆምም፤ የከተማ ፕላን አይቀይርም። የጡረታ አበል የሚያኖረውን ሰው «በነፃ ሥራ» ብሎ የመንግሥትን ግዴታ በትከሻው ላይ መጫንም ተገቢ አይደለም። ጎማ ጫማ፣ ባይኖኩላር፣ ደብተርና የትራንስፖርት ወጪ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለጡረተኛ ግን ትንሽ አይደለም።

በሩዋንዳ የሆነውን ብናይ ይህ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በዚያ የእንስሳት ሐኪሙ ኦሊቪየ ንሴንጊማና የዚህችን ወፍ ዘመድ፣ ግራጫዋን ባለ አክሊል ወፍ፣ ለማዳን ሲነሣ ችግሩ ሰዎች ጫጩቶቿን እየያዙ በሆቴልና በመኖሪያ ግቢ ማሳደራቸው ነበር። በግዞት ያሉት ወፎች ተመዘገቡ፤ ለዱር ብቁ የሆኑት ወደ አካጌራ ብሔራዊ ፓርክ ተወሰዱ፤ በየረግረጉ ከአካባቢው ሰዎች ጠባቂዎች ተመለመሉ፤ በየዓመቱ አገር አቀፍ ቆጠራ ተጀመረ። ቁጥሩም እየጨመረ መጣ። እዚያ ፈቃደኛው ሰው ብቻውን አልቆመም፤ ሕግ፣ ሳይንስና የአካባቢ ጠባቂ አንድ ላይ ቆሙ። የአንዱ መኖር የሌላውን ጉድለት አልሸፈነም፤ አንዱ ሌላውን አጸና እንጂ።

ስለዚህ ለዚህ ፋካልቲ ሁለት ልመናዎች አሉኝ። የመጀመሪያው፣ ደብተሮቹን ተቀበሉ። በየከተማው የዝናብ፣ የወንዝ፣ የወፍ፣ የቡና አበባ ቀን የሚጽፉ ጡረተኞች አሉ፤ ጽሑፋቸው በቁም ሣጥን ያረጃል። አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ወጥ ቅጽ፣ መረጃውን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ አንድ ተማሪ ቢኖር የማይተካ ሀብት ይሆናል። ቅጹን እናንተ አዘጋጁት፤ ቆጠራው ለማነጻጸር እንዲበቃ ምን መመዝገብ እንዳለበት የምታውቁት እናንተ ናችሁና። የጎጆዎቹን ቦታ ግን በምሥጢር ጠብቁ።

ሁለተኛው፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ረግረግ የምትወጡ ተማሪዎች ናሙናችሁን ከመውሰዳችሁ በፊት ለዚያ ረግረግ ቅርብ የሆነውን ሽማግሌና ቄጠማ የምታጭደውን ሴት ጠይቁ፤ ጥናታችሁ ሲያልቅም ተመልሳችሁ ውጤቱን ንገሯቸው። መጠይቅ ሞልቶ የሄደና ያልተመለሰ ተማሪ የሚቀጥለውን ተማሪ በር ይዘጋል። ውጤቱን ይዞ የተመለሰ ተማሪ ግን ለረግረጉ አንድ ተጨማሪ ጠባቂ አግኝቷል።

በመግቢያዬ ላይ አንድ ጎጆ ለወፊቱ ዘር ምን ይጠቅማል ብዬ ነበር። ከአንድ ጎጆ የሚወጡት ሁለት ወይም ሦስት ጫጩቶች የዘሩን ዕድል ብቻቸውን አይለውጡም። ነገር ግን ለእነዚያ ጫጩቶች ሲል አንድ ሰው በየማለዳው ወደ ረግረጉ ይሄዳል። በሄደ ቁጥር ውኃው ምን ያህል እንደሸሸ ያያል፤ አዲስ የተቆፈረውን ጉድጓድ ያያል፤ የተቆረጠውን ዛፍ ይቆጥራል፤ ያየውንም ቀን ጠቅሶ ይናገራል። የረግረጉ ጉዳይ በቀበሌ ስብሰባ ሲነሣ «እዚያ ምንም የለም፤ ባዶ መሬት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ያን ጊዜ ደብተሩን ይዞ የሚነሣ አንድ ሰው በአዳራሹ ውስጥ እንዲኖር ነው የምንጠብቀው።